የእንቁጣጣሽ ማታ ፊልም

ነጋሪት ሲጎሰም የሚናገረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቢያምኑም ባያምኑም ንጉሡን ነው። በቴሌቪዥን ግን ሰው ዓይኑን ማመን ጀመረ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የወሎን ረሀብ የሚያሳየውን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም አስተላለፈ። የአዲስ አበባ ሰው ያየው ግን ዲምብልቢ የሠራውን ብቻ አልነበረም፤ በረሀብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ ተቆርጦ ገብቶበታል። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እኛ ያኔ አልተወለድንም። ጋዜጠኝነት ስንማር ግን ከዚህ ፊልም ጋር ተሟግተናል። ረሀቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው (ረሀቡን የደበቀው መንግሥትም ይቅርታ አይገባውም)። ሁለቱን ያጎራበተው እጅ ግን ስክሪኑ ላይ አይታይም። ዛሬ በቴሌግራም ቪዲዮ ሲደርሰን «እውነት ነው?» እንላለን፤ «ከምን ጋር ተቀጠለ?» የምንል ጥቂት ነን።

መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ድግሱንና ረሀቡን የሚያጎራብት ቴሌቪዥን አገር ውስጥ አልነበረም። ዓለም ኮረምን ያየው በወሩ፣ በቢቢሲ ነው።