የሩቁ የነርቭ ጫፍ ፕሮቲኑን ከየት ያገኛል? የአንድ ክርክር ታሪክ

የእግርን ጡንቻ የሚያዘው ሞተር ኒውሮን የሕዋሱ አካል ያለው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሲሆን፣ አክሶኑ ግን እስከ እግር መዳፍ ይዘረጋል። የሕዋሱ አካል ስፋት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአክሶኑ ርዝመት ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ነው። በአዊ ዞን ርቀት ቢመሰል፣ የሕዋሱ አካል በእንጅባራ ያለች ባለ ሁለት ሜትር ክፍል ብትሆን፣ አክሶኑ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዳንግላ በደረሰ ነበር። እንግዲህ በዳንግላ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ሁሉ ከእንጅባራ ይላካል ወይስ እዚያው የሚመረትም አለ?

የመጀመሪያው መልስ ሁሉንም ለሕዋሱ አካል የሰጠ ነበር። አውግስጦስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 የተቆረጠ አክሶን ከሕዋሱ አካል የተለየው ክፍሉ እንደሚበሰብስ አሳየ። ከዚያ በኋላ በኒስል ቀለም የታየውና ዘግይቶ የፕሮቲን ማምረቻ መሆኑ የታወቀው አካል በአክሶን ውስጥ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1948 ፖል ዋይስና ሄለን ሂስኮ ነርቭን አጥብቀው ሲያስሩ፣ ከማሰሪያው በላይ የአክሶኑ ይዘት ተጠራቅሞ አዩ፤ ጉዞውንም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ገመቱት። ይሁንና በዚህ ፍጥነት አንድ ሜትር ለመጓዝ 1,000 ቀናት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያስፈልጋል። በኋላ የታወቀው ፈጣኑ ማጓጓዣ በቀን እስከ 400 ሚሊ ሜትር ቢጓዝም፣ የአክሶኑን መዋቅር የሚሠሩት ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚጓዙት በቀርፋፋው ነው።

ጥርጣሬውን በሙከራ ያነሣው ለጤና ባለሙያ እንግዳ ያልሆነ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆርጅ ኬለና ኤድዋርድ ኬኒግ ከኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ጋር የሚዛመድ ውሕድ በመጠቀም በድመት ነርቭ ውስጥ ያለውን አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ ላይመለስ አከሸፉት። አዲሱ ኢንዛይም ከሕዋሱ አካል ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በቅርቡ ክፍል ቀድሞ፣ በሩቁ ዘግይቶ መታየት ነበረበት። የታየው ግን በነርቩ ርዝመት ሁሉ ተቀራራቢ የሆነ ማገገም ነበር።

ተቃውሞው ጠንካራ ነበር። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በበሰለ አክሶን ውስጥ ራይቦዞም እምብዛም አይታይም፤ ፕሮቲኑንም ጎረቤቱ የሽቫን ሕዋስ ሰጥቶት ይሆናል የሚል መከራከሪያ ቀረበ። ሆኖም ኬኒግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ በአክሶን ዳርቻ የተሰባሰቡ ራይቦዞሞችን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ዳግላስ ካምቤልና ክሪስቲን ሆልት ከሕዋሱ አካል የተለየ በማደግ ላይ ያለ የአክሶን ጫፍ ፕሮቲን ማምረቱን አረጋገጡ።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ የሕዋሱ አካል የተጠናቀቀውን ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤንም ይልካል። አር.ኤን.ኤው ከአሳሪ ፕሮቲኖች ጋር ተጠቅልሎ በዝምታ ይጓዛል፤ የእድገት ወይም የጉዳት ምልክት ሲደርስም ተፈትቶ በቦታው ይነበባል።

ይህ ሥርዓት ሲታወክ በሽታ ይከተላል። የሕብለ ሰረሰር ጡንቻ መመንመን ዋነኛ መንሥኤ የሆነው የኤስ.ኤም.ኤን. ጂን እ.ኤ.አ. በ1995 ተለየ። ፕሮቲኑ ሲጎድል በአይጥ ሞተር ኒውሮኖች የአክሶን ጫፍ የቤታ አክቲን አር.ኤን.ኤ መቀነሱና አክሶኖቹ ማጠራቸው በ2003 ተዘገበ። በ2006 በኤ.ኤል.ኤስ. ሕሙማን ተከማችቶ የተገኘው ቲ.ዲ.ፒ.-43ም አር.ኤን.ኤን የሚያስር ፕሮቲን ነው፤ በአክሶን ሲከማች ለማይቶኮንድሪያ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖች በቦታው መመረታቸውን እንደሚያውክ በ2021 ታይቷል።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት የጓያ ሽባነት የረጅም አክሶንን ተጋላጭነት ያስታውሳል። ጓያን አዘውትሮ በመመገብ የሚመጣው ይህ በሽታ ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ነርቮች ሲጎዳ፣ እግርን አግሮ እጅን በአብዛኛው ይተዋል። ጉዳቱ በአክሶን ውስጥ ካለው የፕሮቲን ምርት ጋር ይዛመዳል ለማለት ማስረጃ የለም፤ ግን ርዝመት ራሱ ሸክም መሆኑን ያሳያል።

የእግሩ ጣት የማይታዘዝለትን ሕመምተኛ የሚመረምር ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት አለ። አክሶን መልእክት ብቻ የሚያስተላልፍ ሽቦ አይደለም፤ የራሱ ሥራ፣ የራሱም ሕመም ያለው ሕያው አካል ነው።