የሰሜን ታይላንዷ ቺያንግ ራይና የቱሪስት መስህቦቿ

ቺያንግ ራይ በታይላንድ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ፣ በስሟ የሚጠራው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፡፡ ከመዲናዋ ባንኮክ በየብስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፡፡ ከ11 ሺህ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የቆዳ ስፋት ያለው ክፍለ ሀገሩ በ18 ወረዳዎች የተከፈለ ሲሆን፣ በሰሜን ከማይናማር፣ በምስራቅ ደግሞ ከላኦስ ጋር ይዋሰናል፡፡

ጎብኚዎች ወደ አካባቢው የሚጓዙት በአብዛኛው ቤተ መቅደሶቹን፣ ተራሮቹንና የሜኮንግ ወንዝን ለማየት ነው፡፡ ይሁንና ዛሬ የሻይና የቡና እርሻ እንዲሁም የአበባ መናፈሻ የሚታይባቸው በርካታ ተራሮች ከጥቂት አስርት ዓመታት በፊት ደናቸው የተመነጠረ፣ ኦፒየም የሚመረትባቸውና ነዋሪዎቻቸው ለከፋ ድህነት የተዳረጉ ነበሩ፡፡ የአካባቢውን መስህቦች ትርጉም በሚገባ ለመረዳት ይህንኑ የለውጥ ሂደት ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

የከተማዋ አመሠራረትና ጥንታዊ ቅርሶቿ

ቺያንግ ራይን እ.ኤ.አ በ1262 የቆረቆሩት ንጉሥ መንግራይ ናቸው፡፡ ንጉሡ የላና መንግሥት መሥራች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1296 ቺያንግ ማይን ቆርቁረው መናገሻቸውን ወደዚያ አዛውረዋል፡፡ ላና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በበርማ የበላይነት ሥር ከቆየ በኋላ፣ የዛሬዋ ታይላንድ በቀድሞ ስሟ ሲያም ትባል በነበረበት ዘመን በግዛቷ ተጠቃሏል፡፡ የንጉሥ መንግራይ ሐውልት በከተማዋ የቆመ ሲሆን፣ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ አበባና ዕጣን ያቀርቡለታል፡፡

በከተማዋ ከሚገኙት ጥንታዊ የቡድሃ እምነት ቤተ መቅደሶች መካከል ዋት ፍራ ኬው በቀዳሚነት ይጠቀሳል፡፡ እንደሚተረከው እ.ኤ.አ በ1434 በቤተ መቅደሱ ቅጽር በነበረ የተቀደሰ ግንብ ላይ መብረቅ ወድቆ ግንቡ ሲሰነጠቅ፣ ውስጡ ተሸሽጎ የቆየ የቡድሃ ምስል ተገኘ፡፡ ምስሉ ከአረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተቀረጸ ሲሆን፣ "ኤመራልድ ቡድሃ" በሚል ስያሜ ይታወቃል፡፡ ላምፓንግን፣ ቺያንግ ማይን፣ ሉዋንግ ፕራባንግንና ቪየንቲያንን ካዳረሰ በኋላ እ.ኤ.አ በ1784 ዛሬ በሚገኝበት በባንኮክ ቤተ መንግሥት ቅጽር ውስጥ ተቀምጧል፡፡ ቺያንግ ራይ ውስጥ የሚታየው ከካናዳ በመጣ ጄድ የተባለ ድንጋይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ምትክ ምስል ነው፡፡

የሠዓሊያኑ አሻራ

ቺያንግ ራይን በዘመናችን ያስተዋወቋት በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ሠዓሊያን ናቸው፡፡ ከእነዚህም አንዱ ቻለርምቻይ ኮሲትፒፓት፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውንና ፈራርሶ የነበረውን ዋት ሮንግ ኩን የተባለ የመንደር ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ በ1997 በራሳቸው ገንዘብ እንደ አዲስ መገንባት ጀመሩ፡፡ ጎብኚዎች "ነጩ ቤተ መቅደስ" የሚሉት ይህ ሕንፃ ከጣሪያ እስከ መሠረቱ ነጭ ሲሆን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የመስታወት ስብርባሪዎች በፀሐይ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፡፡ ወደ ዋናው አዳራሽ የሚያስገባው ድልድይ ከመሬት ወደ ላይ በተዘረጉ በርካታ የእጅ ቅርጾች መካከል ያልፋል፤ ይህም የሰው ልጅ ከምኞቱ ባርነት ተላቆ ወደ ሰላም የሚያደርገውን ጉዞ ያመለክታል፡፡

ሠዓሊው ለጋሾች በሥራቸው ጣልቃ እንዳይገቡ በመሻት የአንድ ሰው መዋጮ ከ10 ሺህ ባህት እንዳይበልጥ ወስነዋል፡፡ እ.ኤ.አ ግንቦት 5 ቀን 2014 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በሕንፃዎቹና በግድግዳ ሥዕሎቹ ላይ ጉዳት ቢያደርስም ጥገና ተደርጎላቸው ለጉብኝት ክፍት ሆነዋል፡፡ ግንባታው ገና ያልተጠናቀቀ ሲሆን፣ ከሠዓሊው ሕይወት በኋላም ለአስርት ዓመታት እንደሚቀጥል ታስቦ የተቀየሰ ነው፡፡

ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው ባን ዳም ወይም "ጥቁሩ ቤት" ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2014 ያረፉት ታዋቂው ሠዓሊ ታዋን ዱቻኒ ያቋቋሙት ይህ ሙዚየም በላና የአሠራር ስልት በጥቁር እንጨት የታነጹ 40 ያህል ቤቶችን ይዟል፡፡ በውስጣቸው የእንስሳት ቀንድ፣ አጥንትና ቆዳ በብዛት ተሰብስቦ ይገኛል፡፡ በኮክ ወንዝ አቅራቢያ የሚገኘውና ዋና አዳራሹ እ.ኤ.አ በ2016 የተጠናቀቀው ዋት ሮንግ ሱዋ ቴን ወይም "ሰማያዊው ቤተ መቅደስ" ደግሞ የቻለርምቻይ ደቀ መዝሙር በነበሩ ባለሙያ የተሠራ ነው፡፡ በከተማዋ መሃል የቆመው ወርቃማ የሰዓት ማማም የቻለርምቻይ ሥራ ሲሆን፣ ማምሻውን ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በየሰዓቱ የብርሃንና የሙዚቃ ትርኢት ያሳያል፡፡

ወርቃማው ሦስት ማዕዘን

ከከተማዋ በስተሰሜን ምስራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቺያንግ ሳን ጥንታዊ ግንቦችና የቤተ መቅደስ ፍርስራሾች የሚታዩባት የሜኮንግ ዳርቻ ከተማ ናት፡፡ ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሩዋክ ወንዝ ከሜኮንግ ጋር የሚገናኝበት ሶፕ ሩዋክ የተባለ ሥፍራ ይገኛል፡፡ ጎብኚው በታይላንድ መሬት ላይ ቆሞ ማይናማርንና ላኦስን በአንድ ጊዜ የሚያይበት ይህ ሥፍራ "ወርቃማው ሦስት ማዕዘን" ተብሎ ይጠራል፡፡

ስያሜው ግን የመጣው ከመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ አይደለም፡፡ የሦስቱ አገሮች ተራራማ አዋሳኝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዓለም ከታወቁት ዋና ዋና የኦፒየምና የሄሮይን ምንጮች አንዱ ነበር፡፡ ይህንኑ ታሪክ የሚያስረዳው የኦፒየም ሙዚየም እ.ኤ.አ በ2003 በሶፕ ሩዋክ ተከፍቷል፡፡ ጎብኚዎች ወደ ሙዚየሙ የሚገቡት ከ130 ሜትር በላይ ርዝመት ባለውና በሥቃይ ላይ ያሉ ሰዎች ቅርጾች በግድግዳው በሚታዩበት ጨለማ ዋሻ በኩል ነው፡፡ በውስጡም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያና በቻይና መካከል ስለተካሄዱት የኦፒየም ጦርነቶች፣ ስለ ሕገ ወጥ ዝውውሩና በሱሰኞች ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ሰፊ መረጃ ቀርቧል፡፡

ታይላንድ የኦፒየም ንግድንና ማጨስን እ.ኤ.አ በ1959 ብታግድም፣ በተራሮቹ ላይ የሚካሄደው ምርት ግን በእገዳው ብቻ አልቆመም፡፡ አካ፣ ላሁ፣ ሊሱና የመሳሰሉት የተራራማ አካባቢ ብሔረሰቦች መንገድ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ ያልነበራቸው ሲሆን፣ ኦፒየም ሳይበላሽ ረጅም ርቀት ተጓጉዞ ገንዘብ ሊያስገኝላቸው የሚችል ምርት ነበር፡፡ ችግሩ ተገቢ ምላሽ ማግኘት የጀመረው ሌላ የገቢ ምንጭ ሲታሰብ ነው፡፡ በዚህ ረገድ ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ እ.ኤ.አ በ1969 ያስጀመሩት የንጉሣዊ ፕሮጀክት ፈር ቀዳጅ ነበር፡፡

ዶይ ቱንግ

የለውጡ ውጤት በጉልህ የሚታየው በማይናማር ድንበር ላይ በሚገኘው የዶይ ቱንግ ተራራ ነው፡፡ የንጉሡ እናት ልዕልት ስሪናጋሪንድራ በ80ዎቹ መገባደጃ ዕድሜያቸው ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ በ1988 የዶይ ቱንግ ልማት ፕሮጀክትን አስጀመሩ፤ እ.ኤ.አ በ1995 እስካረፉበት ጊዜም በተራራው ላይ ባሠሩት መኖሪያ እየተገኙ ሥራውን ይከታተሉ ነበር፡፡ በሄሊኮፕተር ወደ መንደሮቹ ይመላለሱ ስለነበር ነዋሪዎቹ "ሜ ፋ ሉዋንግ" ወይም "ከሰማይ የመጡ ንጉሣዊት እናት" ብለው ሰይመዋቸዋል፡፡ የቺያንግ ራይ አውሮፕላን ማረፊያና እ.ኤ.አ በ1998 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው፡፡

ፕሮጀክቱ 150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መሬት ላይ የሚገኙ 29 መንደሮችንና 11 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ ለ30 ዓመታት ታቅዶ በሦስት ምዕራፎች ተካሂዷል፡፡ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለጤናና ለአስቸኳይ ገቢ ቅድሚያ ተሰጠ፡፡ ነዋሪዎቹ በደመወዝ ተቀጥረው የተራቆተውን ተራራ በችግኝ የሸፈኑ ሲሆን፣ ሱሰኞችም 1 ሺህ ቀናት የሚፈጅ ሕክምናና ማገገሚያ ተዘጋጅቶላቸዋል፡፡ በሁለተኛው ምዕራፍ ቡናና ማካዳሚያ የተባለው ለውዝ መሰል ፍሬ ተስፋፋ፤ ምርቱንም በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ ቆልቶና አሽጎ ማቅረብ ተጀመረ፡፡ ሦስተኛው ምዕራፍ በትምህርትና ሥራውን ለነዋሪዎቹ በማስረከብ ላይ ያተኮረ ነበር፡፡

ዛሬ ጎብኚዎች በዶይ ቱንግ የልዕልቲቱን መኖሪያ፣ የሜ ፋ ሉዋንግ የአበባ መናፈሻንና በተራራው አናት ላይ የሚገኙትን መንትያ የተቀደሱ ግንቦች ይመለከታሉ፡፡ የሽመናና የሸክላ ሥራ ማዕከላትም ለጉብኝት ክፍት ናቸው፡፡

የዶይ ቱንግ ቡና በተለይ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ጉዳይ አለው፡፡ በተራራው ላይ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማው ቡና መገኛው ኢትዮጵያ የሆነው አረቢካ ነው፡፡ የዶይ ቱንግና የጎረቤቱ የዶይ ቻንግ ቡናዎች እ.ኤ.አ በ2015 በአውሮፓ ኅብረት የመልክዓ ምድር መለያ ጥበቃ አግኝተዋል፡፡ ኢትዮጵያም ቀደም ብላ የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡናዎችን በንግድ ምልክት ለማስመዝገብ መንቀሳቀሷ ይታወሳል፡፡ ሁለቱ አገሮች የመረጡት የሕግ መንገድ ቢለያይም ዓላማቸው አምራቹ ከቡናው ስም ጭምር ተጠቃሚ እንዲሆን ነው፡፡

ሜ ሳሎንግና የተራራ መንደሮች

የሜ ሳሎንግ መንደር ሌላ ታሪክ አላት፡፡ በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው የኩዎሚንታንግ ጦር የተወሰኑ አባላት ከዩናን ወደ በርማ ካፈገፈጉ በኋላ በ1960ዎቹ በዚህ ሥፍራ ሰፈሩ፡፡ ከታይላንድ መንግሥት ጎን ቆመው የኮሚኒስት አማፅያንን በመዋጋታቸው ዜግነት ተሰጥቷቸዋል፡፡ ቀድሞ የኦፒየም ንግድ ይካሄድባት የነበረችው መንደር ዛሬ በኡሎንግ ሻይ ትታወቃለች፤ መንግሥት ያወጣላት "ሳንቲኪሪ" የተሰኘ ስምም "የሰላም ተራራ" ማለት ነው፡፡

በአካባቢው አንገታቸው ላይ የናስ ቀለበት የሚደርቡ የካያን ሴቶች የሚታዩባቸው መንደሮችም አሉ፡፡ ካያኖች ከማይናማር በስደት የመጡ ሲሆኑ፣ መንደሮቹ ሰዎችን ለትርኢት ያቀርባሉ በሚል ሲተቹ ቆይተዋል፡፡ በመሆኑም ጎብኚዎች ወደ ተራራ መንደሮች ሲሄዱ የነዋሪዎቹን ፈቃድ ሳይጠይቁ ፎቶግራፍ ከማንሳት ሊቆጠቡ ይገባል፡፡

ታም ሉዋንግ ዋሻ

በሜ ሳይ ወረዳ የሚገኘው የታም ሉዋንግ ዋሻ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ ሰኔ 23 ቀን 2018 ከ11 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 12 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችና ረዳት አሠልጣኛቸው በድንገተኛ ጎርፍ ምክንያት ውስጡ በመታገዳቸው ነው፡፡ ከዘጠኝ ቀናት በኋላ በሕይወት የተገኙ ሲሆን፣ ከሐምሌ 8 እስከ 10 በተካሄደ ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ሥራ ሁሉም ወጥተዋል፡፡ የቀድሞው የባሕር ኃይል አባል ሳማን ኩናን ኦክስጅን ሲያደርሱ ሕይወታቸው አልፏል፡፡ በሥፍራው ሐውልት ቆሞላቸዋል፡፡

ከታዳጊዎቹ ሦስቱና አሠልጣኙ የየትኛውም አገር ዜግነት ያልነበራቸው መሆኑ በወቅቱ ሰፊ ትኩረት አግኝቶ፣ በነሐሴ ወር 2018 የታይላንድ ዜግነት ተሰጥቷቸዋል፡፡ በድንበሩ ተራሮች የተወለዱ በርካታ ሰዎች ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ለረጅም ዓመታት ቆይተዋል፡፡ የታይላንድ ካቢኔ በጥቅምት ወር 2024 ለግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጉ ዜግነት አልባ ነዋሪዎች የተፋጠነ አሠራር አጽድቋል፡፡

ለጎብኚዎች የሚጠቅሙ መረጃዎች

ከባንኮክ ወደ ቺያንግ ራይ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፡፡ ለጉብኝት የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት ነው፡፡ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ከእርሻና ከደን ቃጠሎ የሚነሳው ጭስ አየሩን ይበክላል፡፡ በዝናቡ ወቅት ደግሞ ዋሻው ለጎብኚዎች ይዘጋል፡፡ ወደ ቤተ መቅደስ የሚገቡ ሰዎች ትከሻና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስና ጫማ ማውለቅ ይጠበቅባቸዋል፡፡

ክፍለ ሀገሩ ዛሬም ከችግር ነፃ አይደለም፡፡ በመስከረም ወር 2024 ያጊ የተባለውን አውሎ ነፋስ ተከትሎ የደረሰው ጎርፍ የቺያንግ ራይንና የሜ ሳይን ከተሞች አጥለቅልቋል፡፡ እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ ከማይናማር በሚፈሰው የኮክ ወንዝ ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ አርሴኒክ በመገኘቱ ነዋሪዎች ወንዙን እንዳይጠቀሙ ተመክረዋል፡፡ በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማይናማር በኦፒየም ምርት ከዓለም ቀዳሚ መሆኗን አስታውቋል፡፡

ይህም ከዶይ ቱንግ አናት ሆኖ ድንበሩን ለሚመለከት ጎብኚ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለ፡፡ በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ፣ በአንድ ዓይነት አፈርና የአየር ንብረት ሥር የተለያየ ውጤት የታየው፣ በአንደኛው ወገን ሰላምና ሰላሳ ዓመታት የዘለቀ የልማት ሥራ በመኖሩ፣ በሌላው ግን ባለመኖሩ ነው፡፡