ነፍስ የተዘራባቸው አሻንጉሊቶች

ደራሲ እንደ ልማዱ ገጸ ባሕርያቱን ከገዛ ኅሊናው ሲያመነጭ፣ በአሜሪካ አገር ስለ አሻንጉሊቶች በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶችን የጻፉ ሰዎች ግን፣ መልኩና ልብሱ በነጋዴ እጅ ተቀርጾ ያለቀውን ግዑዝ ነገር ተቀብለው ነፍስ እንዲዘሩበት የታዘዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ማርቬል የተባለው አሳታሚ፣ ፓርከር ብራዘርስ የተባለ ኩባንያ ስለ ሠራው ሮም ስለሚባል አሻንጉሊት መጽሔት ማውጣት በጀመረ ጊዜ፣ ደራሲው ቢል ማንትሎ ከዚህ ከአንዱ በቀር ወዳጅም ባላጋራም የሚሆን ሌላ አሻንጉሊት ስላልነበረ፣ ጠላቶቹንና ኀዘኑን ሁሉ ራሱ ፈጠረለት፤ አሻንጉሊቱ በገበያ ሳይቀናው ቢቀርም መጽሔቱ እስከ 1986 ድረስ 75 ቁጥሮች ታተመ። ይሁን እንጂ የአሻንጉሊቱ ስም የነጋዴው ንብረት ስለ ነበር፣ ውሉ ካበቃ በኋላ ማርቬል ያንኑ ድርሰት ለብዙ ዓመታት ደግሞ ሊያሳትመው አልቻለም።

በ1982 ጂ.አይ. ጆ ስለሚባሉ አሻንጉሊቶች መጽሔት የጀመረው ላሪ ሃማ ደግሞ የገጠመው ችግር ተቃራኒ ነበር፤ የሀስብሮ ኩባንያ በየዓመቱ አዳዲስ ወታደሮችንና ተሽከርካሪዎችን ለገበያ ሲያቀርብ፣ እርሱ የታሪኩ ክር ሳይበጠስ ለእያንዳንዱ ስፍራ ማግኘት ነበረበት። ራሱ ወታደር የነበረው ይህ ደራሲ ለአሻንጉሊቶቹ የሕይወት ታሪክ ጻፈላቸው፤ በ1984 በወጣው 21ኛው ቁጥርም አንዲት የንግግር ቃል ሳያስገባ ታሪኩን በሥዕል ብቻ ተረከ። መጽሔቱም በ1994 በ155ኛው ቁጥር ተፈጸመ።

እንግዲህ ትእዛዙ ከገበያ ቢመጣም፣ ድርሰቱን ከአሻንጉሊቱ ዕድሜ ያሳለፈው የደራሲው ትጋት ነው።