ያልጻፈን ሌላ ይቆጥርለታል



ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን እዚህ ከሰፈረው የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ነው። ጥር 1900 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል፣ ከፈረንሳይ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ጣሪያውን በጽሑፍ ያውቀው ነበር። የአገሬው ገበሬስ?

ገበሬው አስራት ይከፍል ነበር፤ ከዐሥር አንድ። ስሌቱ ቀላል ነው። ጭቅጭቁ «ዐሥሩ ስንት ነው?» የሚለው ላይ ነበር። ገማች መጥቶ አዝመራውን በዓይኑ ይለካል፤ ገበሬው መልሶ የሚያሳየው ጽሑፍ የለውም። በ1960 ዓ.ም. አስራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የጎጃም ገበሬዎች ገማቾቹን አናስገባም ብለው አመፁ።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ ኢማም አቡ ዩሱፍ (ረሒመሁላህ) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ»፣ አውድማ ላይ ያለ እህል በግምት እንዳይቆረጥበት መክረዋል።

አሁን ከአውድማ ወደ ሱቅ እንምጣ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ብሎ፣ የሒሳብ መዝገብ ሳይይዝ ቁርጥ ግብር እንዲከፍል አደረገ። ለማቅለል የታሰበ ነበር። ግን መዝገብ ከሌለ ሽያጩን ማን ይናገራል? በ2009 ዓ.ም. ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ገመቱ። ውጤቱ ሲነገር አዲስ አበባ ላይ ነጋዴው ለአቤቱታ ተሰለፈ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ።

ግምት እንዴት እንደሚያብጥ እንይ። አንድ ልብስ ሰፊ በቀን 1,500 ብር ቢሠራ፣ በ300 የሥራ ቀን 450,000 ብር ይሆናል። ገማቹ የመጣው በዒድ ሰሞን ሆኖ 2,500 ብር ብሎ ቢጽፍ ግን 750,000 ብር ነው። የአንድ ቀን የዓይን ስህተት በዓመት 300,000 ብር ወለደች።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቷል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ደረጃ «ለ» ሆኖ ግብሩ ከሽያጩ ይሰላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ትልቁ ጥያቄ የዕለት ሽያጭህ ስንት ነው የሚለው ነው።

አንዳንዶቻችን «ካልጻፍኩ አይታወቅብኝም» እንላለን። ታሪኩ የሚነግረን ተቃራኒውን ነው፤ ያልጻፈ አልተደበቀም፣ ሌላ ሰው ጻፈለት። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ማን ዘነጋው?

ጥገና የምትሠራም፣ እንጀራ የምትሸጪም፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ የሸጥከውን፣ ያወጣኸውን፣ በዱቤ የሰጠኸውን ማታ ማታ ጻፍ፤ የገዛህበትን ደረሰኝ አያይዝ። ሰኔ 30 ሲደርስ ደምረህ እውነቱን አሳውቅ። ውሳኔው ካልተስማማህ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የ21 ቀን የቅሬታ ጊዜ ሰጥቷል። ለቅሬታ ስትቀርብ ግን «በዛብኝ» ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ደብተርህን ይዘህ ሂድ።

አላህ በሐላል ሪዝቃችን በረካ ያድርግልን።