«ሠረገላ»፦ ከመንኰራኵሩ የቀደመ ቃል



ብዙውን ጊዜ ስም ዕቃን ተከትሎ ይመጣል። የ«ሠረገላ» ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሊቃውንቱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሠረገላ፣ በክብረ ነገሥትም በመልአኩ ሚካኤል እየተመሩ ከምድር ከፍ ብለው የተጓዙትን ሠረገላዎች ለዘመናት ሲያነቡ፣ የደጋው ጭነት የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. «ሴባስቶፖል»ን በመንኰራኵር አስጎትተው ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እያስጠረጉ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

በኋላ በፈረስ የሚጎተተው ተሽከርካሪ ሲስፋፋ፣ የገበያው ሰው ከሕንድ የመነጨውን «ጋሪ» የሚለውን ቃል ተቀበለ፤ «ሠረገላ» ለሰማይና ለዙፋን ቀረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የተሳፈሩበትን፣ ቀድሞ የጀርመኑ ቄሣር የዳግማዊ ዊልሄልም የነበረውን፣ «ጋሪ» ብንለው ጆሯችን አይቀበለውም። ሁለቱንም የሚጎትተው ፈረስ ነው፤ የለያያቸው የተሳፋሪው ማዕረግ ነው።

እንግዲህ በጥንታዊ ጽሑፍ «ሠረገላ» ባነበብን ቁጥር በአገሩ መንገድ ላይ መንኰራኵር ይሽከረከር ነበር ብለን ከመደምደም እንጠንቀቅ። ቃሉ መነበቡን እንጂ ዕቃው በእጅ መኖሩን አይመሰክርም።