የቡሄ ሙልሙልና ደጅ የሚመቱ ሕፃናት

ነሐሴ 12 ቀን ማታ፥ በዓሉ ሊብት ሲል፥ በሸዋ ሮቢትም በይፋት ቆላም ያሉ ብላቴኖች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። አንዱ ያወጣል፥ የቀሩት መሬቱን በዱላ እየመቱ ይቀበሉታል። የቤቱ እመቤትም ሙልሙል ትሰጣቸዋለች፤ እነርሱም ለከርሞ ያድርሳችሁ ብለው መርቀው ያልፋሉ።

በዓሉ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ይኸውም ጌታችን ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ የመለኮቱን ብርሃን የገለጠበት ቀን ነው። ታሪኩ በማቴዎስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። የሙልሙሉ ነገር ግን በወንጌል የተጻፈ አይደለም፤ ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ ነው። በዚያ ሌሊት በተራራው አጠገብ መንጋ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ከብርሃኑ የተነሣ ገና ቀን መስሏቸው በዚያው ቈዩ። ወላጆቻቸውም የልጆቹ መዘግየት ቢያስጨንቃቸው ችቦ አብርተው፥ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። እንግዲህ ልብ እናድርግ፤ ዛሬ ልጁ ወደ ዳቦው ይመጣል እንጂ፥ በትረካው ወደ ልጁ የሄደው ዳቦው ነበረ።

ነሐሴ ጐተራ የሚጐድልበት ወር ነው። ስንዴ የደጋ እህል ስለ ሆነ ለቆላው ሰው በገበያ ይመጣለታል፤ የራሱ ማሽላ ግን ገና በማሳ ላይ ነው። ደግሞም ጾመ ፍልሰታ ነውና ሙልሙሉ ቅቤ አይነካውም። ስለዚህ ለሕፃናቱ የሚሰጠው ከትርፍ የተነሣ አይደለም።

በከተማ በሙልሙሉ ፈንታ ሳንቲም ከገባ ቈይቷል። (ሳንቲም ለመስጠት ሌሊት ሊጥ ማቡካት አያሻም!) በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጥቅምት 21 ቀን ሌላ ልማድ ይገጥማቸዋል፤ ሃሎዊን በተባለው በዓል የጎረቤት ልጆች ልዩ ልዩ መልክ ለብሰው ደጅ ይመታሉ፥ ከረሜላም ይቀበላሉ። የዚህም ስም የመጣው በምዕራባውያን ዘንድ ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። በቀድሞ ዘመን በእንግሊዝ አገር ድሆችና ሕፃናት በዚያ ሰሞን እየዞሩ ለሙታን ነፍስ ይጸልዩ፥ ስለ ጸሎታቸውም ትንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር። ጸሎቱ ቀርቶ ጣፋጩ ብቻውን ቀረ። በደጅ የቆመን ሕፃን በክርክር መመለስ ለእኔ መልካም መስሎ አይታየኝም፤ ከረሜላ የሰጠች እናት በነሐሴም ሙልሙል ትጋግር፥ ልጆቿም ስለ ምን እንደ ጋገረች ይጠይቋት።

ወደ ይፋት እንመለስ። በዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ ሲገናኙ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በ2013 ዓ.ም. ግን በአጣዬና በአካባቢው የብዙ ሰው ቤት ተቃጠለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ይህን ያየ ሰው ዱላ የያዙ ብላቴኖች በጨለማ ደጁን ሲመቱ ያለ ፍርሃት መክፈት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ሊጡን የምታቦካው እናት ስንት ልጅ እንደሚመጣ፥ የማንም ልጅ እንደሚሆን አታውቅም፤ ከቤተ ሰቧ ቍጥር አብልጣ ትለውሳለች።