የአውሮፓ የባቡር ፓስና ወንበር የማስያዝ ልማድ ታሪክ

በአውሮፓ ምድር በባቡር ፓስ የሚዘዋወር መንገደኛ ገና በጉዞው መጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥመዋል። ፓሱን በገዛ ጊዜ የብዙ አገሮችን የባቡር ጉዞ በአንድ ጊዜ የከፈለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከፓሪስ ወደ ሊዮን ለመሄድ ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት በቀረበ ጊዜ «ወንበር አስይዘሃልን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለወንበሩም ሌላ ገንዘብ ይከፍላል። ብዙ ሰዎች ይህን የቅርብ ዘመን የንግድ ብልሃት፥ አንዳንዶችም ግልጽ ማታለል አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ለጉዞ የሚከፈለውና ለመቀመጫ የሚከፈለው ገንዘብ ፓሱ ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት የተለያዩ እንደ ነበሩ፥ ፓሱም ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ የሚሸፍነው የፊተኛውን እንደ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የልዩነቱ ምንጭ የመኝታ ሠረገላ ነው። የቤልጂግ ተወላጅ የሆነው ዦርዥ ናግልማከርስ ወደ አሜሪካ ተጉዞ የፑልማንን የመኝታ ሠረገሎች ከተመለከተ በኋላ በ1872 ዓ.ም. ተመሳሳይ ኩባንያ በአውሮፓ አቋቋመ፤ ይኸውም በፈረንሳይኛ አጠራሩ ቫጎን ሊ የተባለው ነው። ይህ ኩባንያ የራሱ ሐዲድ አልነበረውም፤ ሀብቱ ሠረገላ ነበር፤ ሠረገላውም በየአገሩ ባቡር ላይ እየተቀጠለ ይጎተት ነበር። ስለዚህ መንገደኛው በሁለት ወገን ይከፍላል፤ የመጓጓዣውን ዋጋ ለሐዲዱ ባለቤት፥ የአልጋውን ተጨማሪ ዋጋ ደግሞ ለኩባንያው። በ1883 ዓ.ም. ኦርየንት ኤክስፕሬስ ከፓሪስ ወደ ቁስጥንጥንያ ጉዞ በጀመረ ጊዜ የተሠራበት ይኸው ሥርዐት ነበረ። በዚህ አኳኋን መሄድ አንድ ነገር፥ ማረፊያ ማግኘት ሌላ ነገር ሆኖ ለየብቻው ተሸጠ።

ይህ ግን የባለጠጎች ጕዳይ ነበር። ተራው መንገደኛ ትኬቱን ቈርጦ ይገባል፤ ቦታ ካገኘ ይቀመጣል፥ ካላገኘም በመተላለፊያው ላይ ቆሞ ይሄዳል። ወንበር ማስያዝ የሚፈልግ ቢኖር በብዙ ቦታ ይችል ነበር፤ ቍጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት በክፍሉ በር ወይም ከወንበሩ በላይ ትሰካለታለች። ይሁን እንጂ ማስያዝ ምቾት ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤቶች ሁለት ተፎካካሪዎች ተነሡባቸው፤ እነርሱም አውቶሞቢልና አውሮፕላን ናቸው። የሆላንድ ምድር ባቡር ሹም የነበሩት ዴን ሆላንደር ባሳሰቡት መሠረት በሰኔ 1957 ዓ.ም. ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕሬስ የተባሉት ፈጣን ባቡሮች በልዩ ልዩ አገሮች ከተሞች መካከል መመላለስ ጀመሩ። እነዚህ ባቡሮች አንደኛ ማዕረግ ብቻ ነበራቸው፤ ተጨማሪ ዋጋም ይጠየቅባቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 ዓ.ም. ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ ጎብኚዎች ዩሬይል የተባለው ፓስ ተፈጠረ፤ በ13 አገሮችም የሚሠራ ነበር። ዓላማው በተለይ የአሜሪካንን ጎብኚ ከነዶላሩ ወደ ባቡር መሳብ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ፓሱ የፈጣኖቹን ባቡሮች ተጨማሪ ዋጋ ይሸፍን ነበር፤ የወንበር ማስያዣውን ግን አይሸፍንም። እንግዲህ ዛሬ ሰው የሚያማርርበት ነገር በመጀመሪያው ፓስ ላይም ነበረ ማለት ነው፤ የያኔው ባለ ፓስ ግን በአንደኛ ማዕረግ የሚሄድ ሰው ስለ ነበረ ጥቂቱ ክፍያ ብዙም አልከበደውም።

ነገሩ የከበደው ወጣቶቹ በመጡ ጊዜ ነው። ዓለም አቀፍ የምድር ባቡሮች ኅብረት በ1922 ዓ.ም. የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር በ1972 ዓ.ም. ኢንተርሬይል የተባለ ፓስ አወጣ። ዕድሜያቸው እስከ 21 ዓመት የሆኑ የአውሮፓ ነዋሪዎች ለአንድ ወር በ21 አገሮች በሁለተኛ ማዕረግ እንዲጓዙ ይፈቅድ ነበር፤ በሚኖሩበት አገር ግን በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ። ለበዓሉ ዓመት ብቻ ታስቦ የነበረው ነገር ገበያው ስለ ደራለት ቀጠለ፤ የዕድሜውም ወሰን ከፍ እያለ ሄደ። (በዩሬይልና በኢንተርሬይል መካከል ያለው ወሰን ዛሬም የሚለየው በዜግነት ሳይሆን በመኖሪያ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዩሬይል ይገዛል፤ ሮማ ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ወንድሙ ግን ኢንተርሬይል ይገዛል።)

ለዚያ ዘመን ወጣት ፓሱ ከትኬት ይበልጥ ነበር። ለመኝታ ቤት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ማታ ረጅም መንገድ በሚሄድ ባቡር ይሳፈራል፤ በወንበር ላይ፥ ወንበርም ካልተገኘ በመተላለፊያው ወለል ላይ ሻንጣውን ተንተርሶ ያድራል፤ ጧት በሌላ አገር ይነቃል። ዝናብ ከሆነ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚቻለው ባቡሩ መንገደኛውን ሳይቈጥር ስለሚቀበለው ነበር። ኋላ «ነጻነት» እየተባለ የተመሰገነው የፓሱ ጠባይ ከወረቀቱ ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ያለ ቀጠሮ ከሚገባበት ከአሮጌው ባቡር ጭምር የመነጨ ነው። በእኔ አስተያየት የፓሱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው።

በመስከረም 1981 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ቴ ዤ ቬ የተባለው እጅግ ፈጣን ባቡር በፓሪስና በሊዮን መካከል ሥራ ጀመረ። በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. አዲሱ መሥመር በተጠናቀቀ ጊዜም መንገዱ 2 ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ሆነ። ከትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕሬስ የሚለየው ሁለተኛ ማዕረግ ያለው መሆኑ ነው፤ ፍጥነት ለሕዝብ ተሰጠ። ነገር ግን ከሕዝቡ ጋራ ማስያዝም ግዴታ ሆኖ መጣ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። በአሮጌው ባቡር ላይ ሰው ሲበዛ ሠረገላ ይቀጠላል፤ አዲሱ ባቡር ግን ከፊት እስከ ኋላ እንደ አንድ አካል የተገጣጠመ ስለ ሆነ ሠረገላ አይጨመርበትም። መንገደኛ ሁሉ ተቀምጦ እንዲሄድ ከተፈለገ ወንበሩ ቀድሞ መቈጠር ነበረበት።

ይህ የመሐንዲሶች ምክንያት ነው፤ የነጋዴው ምክንያት ኋላ ደረሰ። በ1993 ዓ.ም. የፈረንሳይ ምድር ባቡር ሶክራት የተባለ አዲስ የማስያዣ ኮምፒዩተር ሥራ ላይ አዋለ፤ መሠረቱም የአሜሪካን አየር መንገድ ይሠራበት የነበረው ሴበር የተባለው ሥርዐት ነው። መጀመሪያ ላይ እጅግ ተበላሽቶ ሕዝቡን ስላስቈጣ የፈላስፋው ስም በመጥፎ ተነሣ። ስሕተቱ ውሎ አድሮ ታረመ፤ አስተሳሰቡ ግን ቀረ። ባቡሩ እንደ አውሮፕላን ይታይ ጀመር፤ እያንዳንዱም ወንበር እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ዋጋው የሚለዋወጥ ሸቀጥ ሆነ። በዚህ ገበያ ውስጥ ባለ ፓስ የማይመች ደንበኛ ነው፤ የያዘው ወንበር ሙሉ ዋጋ ለሚከፍል ሰው ሊሸጥ ይችል ነበርና። በ1992 ዓ.ም. ከማድሪድ ወደ ሴቪልያ የተከፈተው የእስፓኝ ፈጣን ባቡር፥ በ1994 ዓ.ም. በባሕር ሥር ወደ ሎንዶን መሄድ የጀመረው ዩሮስታርም ማስያዝን ግዴታ አድርገዋል። ዩሮስታር ለባለ ፓሶች የሚመድበው የወንበር ቍጥር የተወሰነ ነው፤ እርሱ ካለቀ በባቡሩ ላይ ሌላ ባዶ ወንበር ቢኖርም ፓሱ አይጠቅምም።

ታዲያ ይህ የፍጥነት የማይቀር ዕዳ ነውን? አይደለም። የጀርመን ምድር ባቡር በ1979 ዓ.ም. ኢንተርሲቲ የተባሉትን ባቡሮች በየሰዓቱ በሁለቱም ማዕረጎች ማስኬድ ጀመረ፤ የስዊስ ምድር ባቡርም በ1982 ዓ.ም. መነሻ ሰዓቶቹን በመላው አገር በአንድ ሥርዐት አስተካከለ። ሐሳቡ መንገደኛው ባቡሩን እንዲጠብቅ ሳይሆን ባቡሩ መንገደኛውን እንዲጠብቅ ነው፤ አንዱ ቢሞላ ወይም ቢያመልጥ ሌላው ይመጣልና። ጀርመን በ1991 ዓ.ም. የራሷን እጅግ ፈጣን ባቡር ባወጣች ጊዜም በአገር ውስጥ ማስያዝን እንደ ፈረንሳይ አጠቃላይ ግዴታ አላደረገችም፤ የፈለገ ያስይዛል፥ ያልፈለገ ባዶ ወንበር ይፈልጋል። በእርግጥ በበዓል ዋዜማ ብዙ ሰው ቆሞ ይሄዳል። በስዊስም እንደ ግላሲየር ኤክስፕሬስ ያሉ የመልክዐ ምድር መመልከቻ ባቡሮች ያለ ወንበር ቍጥር አያስገቡም፤ የተቀሩት ግን ለባለ ፓስ በአብዛኛው ክፍት ናቸው።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ አንድ ፓስ በሁለት ዐይነት አውሮፓ ውስጥ ይሠራል። ከዙሪክ ወደ ሃምቡርግ የሚሄድ ባለ ፓስ በአብዛኛው እንደ 1972ቱ ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ከፓሪስ ወደ ባርሴሎና የሚሄደው ግን አስቀድሞ ቀኑንና ሰዓቱን መወሰን አለበት። ሆኖም በፈረንሳይም አሮጌው ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ ተነሥቶ በዲዦን በኩል ወደ ሊዮን የሚሄድ የአውራጃ ባቡር አለ፤ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፥ ለባለ ፓስ ግን የማስያዣ ክፍያ የለበትም። ጊዜ ያለው ተማሪ በዚያ ሊሄድ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ለሆነ ወጣቶች ዲስከቨር ኢዩ በተባለው ዕቅድ አማካይነት በውድድር ነጻ ፓስ ይሰጣል፤ ወንበር የሚያስይዙበትን ገንዘብ ግን ወጣቶቹ ከኪሳቸው ይከፍላሉ።